ሙሾ የተዉት እማሆይ

«ሲስተር፣ እማሆይ አረፉ። ቀብሩ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነው።»

ይህን በስልክ የነገሩኝ ቄሰ ገበዙ ናቸው። እኔ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ክትባት ላይ ነበርሁ። የያዝሁትን ሕፃን ለእናቱ መለስሁና ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ። አልቅሼ ሳበቃ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ግን «እንዴት አረፉ?» የሚል አልነበረም። መልሼ ደወልሁና «ሲሳይ ይመጣል?» አልኋቸው።

«እንጃ ልጄ» አሉ። «ተነግሮታል። መምጣቱን ግን እንጃ።»

እማሆይ ማን እንደነበሩ፣ የሲሳይ መምጣትና መቅረትስ ምን እንዳስጨነቀኝ ልናገር።

ከንፋስ መውጫ በባጃጅ ወጣ ብሎ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግር ተወጥቶ የሚደረስበት አንድ ሚካኤል አለ። የቀበሌውን ስም ልተወው፤ የሞቱትም ያሉትም ዘመድ አላቸው። ግቢው ወይራና ጽድ ነው፤ ከዛፉ ሥር ሁሉ መቃብር ነው። አንዳንዱ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው፤ አንዳንዱ መስቀል ተቀርጾበታል፤ የአንዳንዱን ጽሑፍ የድንጋይ ሽበት በልቶት ማን እንደተኛ የሚያውቅ የለም። የጥንት ባላባቶች ደግሞ በቁማቸው ያሠሯቸው የመቃብር ቤቶች አሉ። ባለቤቱ ከወለሉ ሥር ያርፋል፤ ከላይ ባለው ክፍል ጧሪ ያጡ መነኮሳት ይኖሩበታል። እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚኖሩት ከእነዚህ ባንዱ ነበር። «አከራዬ ደግ ሰው ነው» ይሉ ነበር ወለሉን በመቋሚያቸው መታ መታ አድርገው። «አይጮህብኝ፣ አያማኝ፣ ውጭልኝ አይለኝ።»

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብሁት እዚያው ቀበሌ ነው። እማሆይ አልድን ያለ የእግር ቁስል ነበረባቸውና በየሳምንቱ ዳገቱን ወጥቼ አጥብላቸው ነበር። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ስቆም ያሉኝ ቃል «መርፌ ይዘሽ እንደሁ ከደጅ ተመለሽ» የሚል ነው። ይዤ ነበር፤ አልተመለስሁም። እሳቸውም «ግትር ነሽ፤ ደኅና እንግባባለን» አሉኝ።

ቁጡ ነበሩ። ፍየል ወደ መቃብሩ ከገባ ከነባለቤቱ ነበር የሚያባርሩት። ቁስሉን ስነካው «ቀስ በይ እንጂ፣ እግር ነው፤ ግንድ አይደለም!» ብለው ይጮሁብኛል። አንድ ነገር ግን ነበራቸው። ሰው የሰው ስም ሲያነሳ ዝም ይላሉ። መናገር ካለባቸውም መጀመሪያ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነከስ አድርገው ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቃል አጭር ነው። «ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሳቸው ግን እንደ ተረት አልነበረም የሚሉት፤ የደረሰባቸውን እንደሚናገር ሰው ነው።

ቀብር ሲኖር ደግሞ በራቸውን ከውስጥ ይዘጋሉ። ቤታቸው መቃብር መካከል ስለሆነ ለቅሶው ሁሉ ደጃቸው ላይ ነው። ሰው አፈር ለብሶ፣ ለቀስተኛው ከግቢ እስኪወጣ ድረስ አይከፍቱም። አንድ ቀን ቀብር ላይ ደርሼ አብሬያቸው ተዘጋሁ። ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፍነው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ሞትን እንዲህ ይፈሩታል እንዴ?» ብዬ ቀለድሁ። «ሞትን አይደለም» አሉኝ። «ለቅሶውን ነው።»

ነገሩን የነገሩኝ ቄሰ ገበዙ ናቸው። እማሆይ በዓለም ስማቸው አንጓች ይባሉ ነበር፤ አልቃሽ ነበሩ። ከስማዳ እስከ ጋይንት አንጓች ሙሾ ያላወረደችለት ሰው በወጉ የተቀበረ አይመስልም ነበር አሉ። በዚያ ዘመን ጌጡ የሚባል ገበሬ በእርሻ ድንበር ጠብ ዱላ አርፎበት ሞተ። የማን ዱላ እንደሆነ አልታወቀም፤ ሽማግሎች ገብተው ዕርቁ ተጀምሮ ነበር። የጌጡ ቀብር ላይ ግን አንጓች ተነስታ የጌጡን ወንድም አድማሱን እያየች እንዲህ አለች፤

ወንድም አለው ሲሉ እሰማ ነበረ፣
ጌጡ ግን ብቻውን በሜዳ ላይ ቀረ።

አድማሱ ከለቅሶው መካከል ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ ዋሴ የሚባለውን ሰው ገድሎ ነበር። ዋሴ በጠቡ ቦታ ይኑር አይኑር እንኳ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከባላጋራው ወገን መጀመሪያ የተገኘው እሱ ሆነ እንጂ። ዋሴ ትቶት የሄደው አንድ ሕፃን ሲሳይ ይባላል። አድማሱም ታስሮ ወጥቶ በሕመም ሞተ፤ የእሱ ልጅ ጥጋቡ ይባላል። ሁለቱም አባቶች በዚሁ ሚካኤል፣ በአንድ ወይራ ግራና ቀኝ ተቀበሩ። ልጆቻቸው አይጋደሉም፣ ግን ማዕድ አይቀርቡም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንደኛው በምሥራቅ በር፣ ሌላኛው በምዕራብ በር ነበር የሚገቡት።

አንጓች ከዋሴ ሞት በኋላ አንድም ቃል አላለቀሰችም። ለዋሴ ቀብር ቢጠሯት ቤቷን ዘግታ ቀረች። ቆይታ ቆብ ደፋችና መጥታ እነዚያ ሁለት መቃብሮች የሚታዩበት ቤት ውስጥ ገባች። እማሆይ ጎህ ሲቀድ ግቢውን ሲጠርጉ የሁለቱንም መቃብር እኩል እንደሚጠርጉ የገባኝ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ነው።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ይስፋ ተባለ። ምእመኑ በዝቷል፤ በዓል ሲሆን ግማሹ ደጅ ነው የሚያስቀድሰው። ለመሠረቱ የሚፈለገው ቦታ ወይራው ያለበት ወገን ሆነ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ቤተ ዘመድ ፈቅዶ፣ የቆዩት አጽሞች ወጥተው በግቢው ሌላ ቦታ እንዲያርፉ ተወሰነ። ቁፋሮው በደቦ ነበር። አጽሞቹ የሚጠቀለሉበት አቡጀዴ ከንፋስ መውጫ እስኪመጣ አንድ ሰፊ ሸራ ተዘረጋና የዋሴ በአንድ ጫፍ፣ የአድማሱ በሌላው ጫፍ ተቀመጠ። ጥር ነበር፤ ዝናብ አይታሰብም። ዝናቡ ግን መጣ። ቆፋሪዎቹ ክቡር አጽም አይበስብስ ብለው ሸራውን በአራት ማዕዘኑ ብድግ አድርገው ቅርብ ወዳለው ጣሪያ፣ ወደ እማሆይ ቤት ሮጡ። ሸራ ሲያነሱት መካከሉ ይረግባል። ሲያስቀምጡት ዋሴና አድማሱ አንድ ክምር ሆነዋል።

ማንም ክፉ አላሰበም። የመጣው ነገር ግን የክፉ ክፉ ነበር።

በማግስቱ ለእግራቸው ስወጣ ግቢው ሰው ሞልቶታል። በምሥራቅ በር የሲሳይ ዘመዶች፣ በምዕራብ የጥጋቡ፤ አብዛኛው ወንድ ክላሽ ይዟል። ሲሳይ «የአባቴን አጥንት ከገዳዩ ጋር አልቀብርም» ብሏል። ጥጋቡም «የኔ አባት የሱን አባት አጥንት ለምኗል እንዴ?» ብሎ መልሷል። ቄሰ ገበዙ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ከወዲህ ወዲያ ይሮጣሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ በመካከላቸው አለፍሁ። እማሆይ ቤታቸው ውስጥ፣ ሸራው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል።

ፋሻውን እየፈታሁ ሳለ አንዲት ትልቅ ሴት በሩን ገፍተው ገቡ። ወይዘሮ የሺ ናቸው፣ የዋሴ እህት።

«አንጓች!» አሉ።

መነኩሲትን በዓለም ስሟ መጥራት ስድብ ነው። እማሆይ ቀና አላሉም።

«ለጌጡ አልቅሰሽ ወንድሜን አስበላሽብኝ። ወንድሜ ሲቀበር ግን ቤትሽን ዘጋሽበት። ዛሬ ሁለተኛ ሊቀበር ነው። ውጭና አልቅሽለት። ያኔ እንዳለቀስሽው አድርገሽ አልቅሽለት!»

ያኔ እንዳለቀስሽው ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ በዚያ ግቢ አልነበረም። ሲሳይ ያለ አባት ያደገ ሰው ነው። ያን በመሰለ አፍ፣ በዘመድ ፊት፣ ጥጋቡ እያየው «ልጅ የለውም ወይ» ከተባለ ሳይተኩስ ወደ ቤቱ የሚገባበት ፊት የለውም። እምቢ ቢሉም ዋሴን ሁለተኛ ማዋረድ ነው።

«ወይዘሮ የሺ፣ እማሆይ ታመዋል፤ መቆም አይችሉም» አልሁ። ውሸቴን ነው።

«አንች መርፌሽን ያዥ።»

እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ። እንዲያ ብዙ የቆዩበትን ቀን አላስታውስም። ከዚያ «እሽ» አሉ። «አለቅሳለሁ። የጥጋቡም ወገን ግን ቀረብ ብሎ ይስማ።»

ወይዘሮ የሺ ወጡ። እኔ እግራቸውን ይዤ ለመንኋቸው። «ደም ይፈሳል እኮ እማሆይ! ቆብዎን ያስቡ!»

«ፋሻውን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው» አሉኝ። «እንዳይከዳኝ።»

እንዳሉኝ ጠበቅ አድርጌ አሰርሁ። ተናድጄባቸውም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ምላሳቸውን አስረው ኖረው በዚህ ቀን ሊፈቱት ነው ብዬ ነው።

ሸራው ወጥቶ ደጃቸው ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ወገን ሸራውን መካከል አድርጎ ቆመ። ቄሰ ገበዙ «ተዉ፣ እገዝታለሁ!» ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ። ከኋላዬ ክላሽ ሲቀባበል ሰማሁ፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላውቅም። እማሆይ ወጥተው አጽሙ ራስጌ ቆሙ። ዓይናቸውን ከፍተው ሁሉንም ተራ በተራ አዩና ጀመሩ።

ድምፃቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት። የአሮጊት ድምፅ አልነበረም። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ እኔ እንኳ የማንም ዘመድ ያልሆንሁት አንዱን መምታት አማረኝ። የጀመሩትም በዚያችው በጌጡ ሙሾ ነው፤ ቃል አልለወጡም። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። የሲሳይ ዘመዶች ወደፊት ተገፉ። ሲሳይ መንጋጋው ተቆልፎ ጥጋቡን ብቻ ያያል። ጥጋቡም አፈሙዙን ከመሬት አነሳ። እማሆይ ትንፋሽ ወሰዱ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ደረታቸው መለሱና እንዲህ አሉ፤

አድማሱማ እጅ ነው፣ ጥይቱም እርሳስ ነው፣
ዋሴን የገደለው ይህ የኔ ምላስ ነው።

ደረት የሚመቱት ሴቶች እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እማሆይ ደገሙት። ሦስተኛ አላሉም። ከተቆፈረው መቃብር አጠገብ ከተከመረው ድንጋይ ወደ አንዱ ሄዱና ተጎነበሱ። ድንጋዩ ከበዳቸው። ልረዳቸው ስንቀሳቀስ ቄሰ ገበዙ ክንዴን ያዙኝ። እየታገሉ ማጅራታቸው ላይ አወጡት፤ እያነከሱ ሲሳይ ፊት ደርሰው በግንባራቸው ተደፉ።

«የአባትህ ደም እኔ ጋ ነው» አሉ ከመሬት። «ስለ እግዚአብሔር ማረኝ።»

በአገራችን ደም ያለበት ሰው ዕርቅ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ በሟቹ ዘመድ እግር ላይ ይወድቃል። ባለደሙ ድንጋዩን በገዛ እጁ አውርዶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካላለው አይነሳም። ይህን የሚያደርገው ግን የገደለው ሰው ነው፤ ወንድ ነው። ሴት፣ ያውም መነኩሲት፣ ስለ ምላሷ ብላ ድንጋይ ስትሸከም ያየ አልነበረም።

ወይዘሮ የሺ ጮሁ፤ «ይህን አላልሁም! አልቅሽ ነው ያልሁሽ! ሲሳይ፣ እንዳትሰማት!»

ሲሳይ አልተንቀሳቀሰም። ጣቱ ቃታው ላይ ነው። እኔ የማየው ግን የእማሆይን እግር ነበር፤ ቁስሉ ተከፍቶ ደሙ በነጩ ፋሻ ላይ እየሰፋ ነው። ብሮጥ ነገሩን የማበላሽ መሰለኝ፤ ባልሮጥ የሚሞቱ መሰለኝ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሁለቱም ወገን የሲሳይን እጅ ያያል።

ሲሳይ ክላሹን ወደ ጀርባው አዞረና ጎንበስ አለ። ድንጋዩን በሁለት እጁ አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሁላችንም ቃሉን ጠበቅን። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ይነሡ፣ እማሆይ» አለ። ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሮም «ቅበሩት» አለ።

«አንድ ላይ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«መለየት የሚችል ካለ ይለይ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ መጀመሪያ መሣሪያውን ያስቀመጠው ጥጋቡ ነው። አጽሙ በአንድ አቡጀዴ ተጠቅልሎ በአንድ ጉድጓድ ገባ። ወይዘሮ የሺ እየተራገሙም እያለቀሱም አፈር አለበሱ።

አገሩ ሁሉ ታረቁ ብሎ አወራ። እውነትም ከዚያ ወዲህ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። እማሆይ ግን አላመኑም። «ድንጋዩን አወረደልኝ፤ ቃሉን ግን ይዞት ሄደ» ይሉኝ ነበር። እሑድ እሑድ ከደጃቸው ተቀምጠው ሲሳይ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ሲሳይ ቆብ አውልቆ እጅ ይነሳል፤ «እንደምን አደሩ» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉታል፤ ያልፋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዛሬም አላለም» ይላሉ። ቁስላቸው ሻረ። እሳቸው ግን እየከሱ ሄዱ።

እኔም ሲሳይን ጠመድሁት። ልጁን ለክትባት ይዞ ሲመጣ አላስችል አለኝና «አንዲት ቃል ምን ያህል ትከብድሃለች? አሮጊቷን ልትገድላቸው ነው?» አልሁት።

አልተቆጣም። ልጁን አቅፎ ቆይቶ «ሲስተር፣ ድንጋይ ማውረድ የክንድ ነው፤ አወረድሁ» አለኝ። «ቃሉ ግን አልመጣልኝም። ሳይመጣልኝ ብል እሳቸውን መሸንገል ነው። ሽንገላ ደግሞ አይገባቸውም።»

ልጁን ተቀብዬ ከተብሁት። ንዴቴ ግን አልበረደም። ዝውውሬ ደርሶ ወደ እስቴ ልመለስ ስል እማሆይን ልሰናበት ሄድሁ። መርቀውኝ ሲያበቁ «ካለ ትነግሪኛለሽ አይደል?» አሉኝ። እሳቸው እዚያው ደጁ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ አገር አቋርጬ እየሄድሁ፣ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው አልጠየቅኋቸውም። «እሽ» ብቻ አልሁ።

ቄሰ ገበዙ የደወሉ ዕለት ደብረ ታቦር አደርሁና በማለዳ ሚኒባስ ንፋስ መውጫ ገባሁ። ስደርስ ቅዳሴው አልቆ ነበር። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ጥጋቡ ነው። ወይዘሮ የሺ ከሴቶች ራቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ለብሰዋል። ዓይኔ ሲሳይን ፈለገ፤ አጣሁት። በምሥራቅ በር የገባ ሁሉ እሱ ይመስለኝ ነበር። ለመነኩሲት ሙሾ የለምና ግቢው ጸጥ ብሏል።

ፍትሐቱ አለቀ። ቄሰ ገበዙ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይህችን እኅታችንን የተቀየመ፣ እሷም የበደለችው ቢኖር ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት። እግዚአብሔር ይፍታት በሉ።»

«እግዚአብሔር ይፍታት» አልን ሁላችንም።

አስከሬኑ ወረደ። ቄሰ ገበዙ የመጀመሪያውን አፈር ዘግነው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሰው ሁሉ ካበቃ በኋላ፣ ከጽዱ ኋላ አንድ ድምፅ ለብቻው መጣ።

«እግዚአብሔር ይፍታት።»

ሰዉ ዞረ። ሲሳይ ነው። ለካ እዚያው ቆሞ ኖሯል። እያየን መጥቶ ከጉድጓዱ አፍ ቆመና ወደ ታች ተናገረ።

«እኔም የዋሴ ልጅ ይቅር ብያለሁ። ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ።»

ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ጥጋቡ አካፋውን ተደግፎ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ግን ሥርዓቱም ሰዉም ተረሳኝና ጮህሁበት።

«ከትናንት ወዲያ አትለውም ነበር! ሲሰሙህ አትለውም ነበር!»

ሲሳይ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አሁን ነው የመጣልኝ፣ ሲስተር» አለ።

ቄሰ ገበዙም የያዙትን አፈር ወደ ጉድጓዱ መለሱ።